«ዲስኩ ተበላሽቶ ነው የመጣው»፦ የአንድ ፊልም ሦስት ዲስኮች በአንድ ቅዳሜ ማታ

መነሻው

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ወዳጄ አንድ ሐሙስ ማታ ደወለልኝ። ድምፁ የተሸወደ ሰው ድምፅ ነበር። ባለ 65 ኢንች 4ኬ ቴሌቪዥን ገዝቷል። የ4ኬ ዲስክ ማጫወቻም አብሮ ወስዷል። ለምርቃቱ ደግሞ ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ተጋፍተን ያየነውን «ፕሬዳተር»ን በ4ኬ ዲስክ አዘዘ። አርኖልድ ጫካ ውስጥ ከማይታየው አውሬ ጋር የሚተናነቅበትን ማለቴ ነው።

«ዲስኩ ተበላሽቶ ነው የመጣው» አለኝ። «ምስሉ ላይ አሸዋ የተበተነ ነው የሚመስለው። የድሮው ዲስኬ መቶ እጅ ይሻላል። ነገ ልመልሰው ነው።»

«እስከ ቅዳሜ ታገሥ፤ መጥቼ ልየው» አልኩት።

ዲስክ መሰብሰብ ከጀመርኩ 15 ዓመት አልፎኛል። እንዲህ ያለ ስልክ ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። ይሄኛውን ለመጻፍ የተነሳሁት ሰው የምስል ጥራት ሲመዝን የሚሠራቸውን ስህተቶች በሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ቤዝመንት ውስጥ፣ በአንድ ማታ ስላገኘኋቸው ነው። የኔም ስህተት አለበት። የሰዎቹን ስምና የቴሌቪዥኑን ስሪት ትቻለሁ።

ቅዳሜ ስደርስ አምስት ሆንን። ወዳጄ፣ ባለቤቱ፣ የ16 ዓመት ልጃቸው፣ የባለቤቱ አጎት እና እኔ። አጎትየውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ በሰማንያዎቹ አዲስ አበባ ካሴት የሚያከራይ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። መምጣታቸውን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። ኋላ ግን ከሁላችን የተሻለ ዓይን ያላቸው እሳቸው ሆነው ተገኙ።

ፊልሙና ሦስቱ ዲስኮች

ፊልሙ የ1987 ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የፊልሙና የዲስኮቹ ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ዳይሬክተሩ ጆን ማክቲርናን ሜክሲኮ ጫካ ገብቶ በ35 ሚሊሜትር ፊልም ነው የቀረጸው። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ብርሃን እንደልብ አይገባም። ብርሃን ባነሰ ቁጥር ደግሞ የፊልሙ ቅንጣት ጎልቶ ይታያል።

ቅንጣት የምለው ባለሙያዎቹ ግሬይን የሚሉትን ነው። ፊልም ላይ ብርሃን የሚቀበሉት ጥቃቅን የብር ውህዶች ናቸው። እንደ ፒክስል፣ ማለትም እንደ ዲጂታል ምስል ነጥቦች፣ በሰልፍ አልተደረደሩም። ከፍሬም ፍሬም፣ ማለትም ፊልሙ ከተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች ካንዱ ወደ ሌላው፣ አቀማመጣቸው ይለያያል። ስለዚህ ፊልሙ ሲሮጥ ምስሉ ላይ የሆነ ነገር የሚርመሰመስ ይመስላል። ብዙ ሰው ይሄን ከላይ ያረፈ አቧራ ያደርገዋል። ምስሉ ግን የተሠራው ከዚያው ነው። ቅንጣቱን ላጥፋ ማለት ጤፉን ከእንጀራው ላይ ላራግፍ እንደማለት ነው።

እዚህ ፊልም ላይ ሌላም ጣጣ አለ። አውሬው በሚሰወርባቸው ቦታዎች ቅንጣቱ ድንገት ይወፍራል። ዘመኑ የኮምፒውተር ቅንብር ዘመን አልነበረም። የተለያዩ ምስሎች በኦፕቲካል ፕሪንተር እየተደራረቡ እንደገና ሌላ ፊልም ላይ ተቀድተዋል። ቅጂ በተደረበ ቁጥር ቅንጣትም ይደረባል። የአውሬው ዓይን ነው ተብሎ የምናየው ቀይና ሰማያዊ ምስል ደግሞ ሙቀት ከሚያነብ የቪዲዮ ካሜራ የተወሰደ አለበት። ያ ቦታ በየትኛውም ዲስክ ላይ ጥርት ሊል አይችልም። መጀመሪያውኑ ጥርት ያለ አልነበረምና።

አሁን ወደ ዲስኮቹ። የመጀመሪያው ብሉሬይ (ከዲቪዲ ቀጥሎ የመጣው ዲስክ) የ2008 ነው። 25 ጊጋባይት ዲስክ ላይ፣ በኤምፔግ 2 ተጨምቆ የወጣ ነው። ኤምፔግ 2 የዲቪዲ ዘመን መጭመቂያ ነው። ቅንጣቱ አለ፤ ቦታው ግን ጠቦታል። ይሄን እኔ ይዤ ሄድኩ።

ሁለተኛው የ2010 ነው። በዚያ ዓመት አዲስ ተከታይ ፊልም ሲመጣ የድሮውን አሳምረው ደግመው አወጡት። መጭመቂያው አዲሱ ኤቪሲ ሆነ። ቅንጣቱ ግን በኮምፒውተር ተጠርጎ ወጣ። ይሄ ዲስክ በሰብሳቢዎች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው፤ ስለ መጥረግ ክፉነት ሲወራ የማይጠቀስበት ጊዜ የለም። የወዳጄ «የድሮ ዲስክ» ይሄ ነው።

ሦስተኛው የ2018ቱ 4ኬ ነው። 3840 በ2160 ፒክስል፣ ከኤችዲአር ጋር። ኤችዲአር ደማቁንና ጨለማውን ከተራው ምስል በሰፋ ልዩነት የሚያሳይ የብርሃን አያያዝ ነው። ቅንጣቱ ተመልሷል። «ተበላሽቶ መጣ» የተባለው እሱ ነው።

ችግሩ ምን ነበር

ከላይ ሲታይ ችግሩ የአንድ ዲስክ ነው። ውስጡ ግን ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ነው፤ ወደሱ እመጣለሁ። ሌላኛው የቃል ነው።

ጥራት የሚለው ቃል «ጠራ» ከሚለው ነው የመጣው። የጠራ ውሃ፣ የጠራ ሰማይ እንላለን። ምንም የሌለበት ማለታችን ነው። እንግዲህ «ጥራት ያለው ምስል» ስንባል ዓይናችን የሚፈልገው ምንም የሌለበትን ምስል ነው። የ2010ሩ ዲስክ በዚህ ትርጉም አንደኛ ነው። የጠራ ነው። ምንም የለበትም። ችግሩ ምንም የለበትም ያልኩት ውስጥ የአርኖልድ ፊት ቆዳም መካተቱ ነው።

ጠራጊው ፕሮግራም የሚሠራው እንዲህ ነው። ተከታታይ ፍሬሞችን ያስተያያል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተለወጠውን ጥቃቅን ነገር ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ ያለሰልሳል። ለስለስ አድርገው ሲጠቀሙበት ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሲያከብዱበት ግን የቆዳ ቀዳዳ፣ የጨርቅ ሽመና፣ የቅጠል ጅማት ከቅንጣት ጋር መጠናቸው ስለሚቀራረብ አብረው ይሄዳሉ። እንክርዳዱን ልንቀል ብሎ ስንዴውን መንቀል ነው።

መጀመሪያ ባለበት አየነው

ምንም ሳልነካ ሦስቱንም ባለበት እንይ አልኩ። ወረቀት ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ ጻፍኩ። ከእያንዳንዱ ዲስክ ተመሳሳይ አንድ ደቂቃ ተኩል መረጥኩ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልተናገርኩም። ድምፁንም አጠፋሁት። ድምፅ ከፍ ያለበት ሁሌ ምስሉም የተሻለ ይመስላል፤ ይሄን ከዚህ በፊት በራሴ ላይ አይቻለሁ።

ሙሉ በሙሉ ዓይንን ጨፍኖ የመምረጥ ያህል ፍትሐዊ ነበር አልልም። የ4ኬው የብርሃን አያያዝ ይለያልና ትንሽ ያሳብቃል። ለመነሻ ግን ይበቃ ነበር።

ውጤቱ ሦስት ለምንም ነው። ወዳጄ፣ ባለቤቱና ልጁ የ2010ሩን መረጡ። «በቃ ክሊን ነው» አለ ልጁ። ጋሼ ግን አልመረጡም።

«ሦስቱም አልጣሙኝም» አሉ። «ፊልም አይመስሉም። የቀን ድራማ ነው የሚመስሉት። ሰዎቹ ሲንቀሳቀሱ ይንሸራተታሉ።»

በቃ፣ የመጀመሪያው ጥፋት እሳቸው እጅ ላይ ወደቀ። ቴሌቪዥኑ ከካርቶን እንደወጣ ነበር ያለው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው የሚቀረጸው። ቴሌቪዥኑ በመሃል ያልነበሩ ፍሬሞችን እየፈጠረ ያስገባል። እንቅስቃሴው ቅባት እንደተቀባ ይሆናል። ሦስት ሰው ሳያየው ያለፈውን ካሴት ሲያከራዩ የኖሩት ሰው በአንድ ደቂቃ ተኩል ያዙት።

ቴሌቪዥኑን ከመንገድ ማስወጣት

ሪሞቱን ተቀበልኩና ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። የምስል ሞዱ «ቪቪድ» ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ በደማቅ መብራት ሥር ዓይን እንዲስብ የተሠራ ሞድ ነው። ሻርፕነሱ ግማሽ ላይ ነው። ሻርፕነስ ዝርዝር አይጨምርም፤ በነገሮች ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ነው የሚጨምረው። ቅንጣት ያለበት ፊልም ሲያገኝ ደግሞ እያንዳንዷን ቅንጣት ጠርዝ ናት ብሎ ያሰምርባታል። ወዳጄ ያየው አሸዋ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነበር። የፊልሙን ቅንጣት ቴሌቪዥኑ ራሱ ጠጠር አድርጎታል።

አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ ፊልምሜከር ሞድ የሚባል አለ። በ2019 ነው የተዋወቀው። እንቅስቃሴ ማለስለሱን፣ ጠረጋውንና ሻርፕነሱን በአንዴ ያጠፋል፤ ነጩንም ወደ ትክክለኛው ይመልሳል። እሱን አበራሁት።

ቤቱ ተናወጠ። «ቢጫ ሆነ!» «ጨለመ!» «ምን አደረግከው?» ባለቤቱማ ቴሌቪዥኑን ያበላሸሁት መስሏት ሪሞቱን ከእጄ ልትወስድ ምንም አልቀራት። ይሄ ሁሌም ያለ ነው። ቪቪድ ላይ ነጩ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ነው። ዓይን ያንን ለምዶ ትክክለኛውን ነጭ ሲያይ ቢጫ ይለዋል። መድኃኒቱ ጊዜ ብቻ ነው። «ቡና እስኪፈላ እንዲሁ ተዉት፤ ካልወደዳችሁት እመልሰዋለሁ» አልኩ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ስንደርስ ቪቪድን ለአንድ አፍታ መልሼ አሳየኋቸው። «እንዴ፣ ፊቱ ሰማያዊ ነው እኮ» ያለችው ባለቤቱ ናት።

ጨለመ ያሉት ግን እውነት ነበር። 4ኬው ከሚገባው በላይ ጨልሟል፤ ቀለሙም ፈዟል። እዚህ ላይ 40 ደቂቃ ጠፋብኝ። ማጫወቻውን ፈተሽኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ ዲስኩን በመነጽር ጨርቅ ጠረግሁ። ጥፋቱ ለካ ማጫወቻው የተሰካበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ሙሉ የኤችዲአር ምልክት እንዲቀበል በሴቲንግ መፍቀድ ያስፈልጋል። አልተፈቀደም። ስለዚህ ማጫወቻው ኤችዲአሩን አውርዶ ተራ ምስል አድርጎ ሲልክ ነበር የከረመው። ወዳጄ የኮነነውን ዲስክ ጭራሽ አይቶት አያውቅም ማለት ነው።

ፈቀድኩለት። ኮርነሩ ላይ «ኤችዲአር» የሚል ጽሑፍ ብልጭ አለ። ከዚያ ከሶፋው ጀርባ የነበረውን መብራት አጠፋን። ኤችዲአር ብሩህነቱን በቁጥር ለክቶ ነው የሚልከው፤ መብራት በበዛበት ክፍል እንደ ተራው ምስል ዝም ብሎ ከፍ አይልም። ክፍሉ ሲጨልም ምስሉ ነፍስ ዘራ።

የት የት እንዳየን

ፊልም በሙሉ ማወዳደር አይቻልም። ቦታ መምረጥ ግድ ነው። እኔ ሦስት ዓይነት ቦታ ነው የምፈልገው፦ ቅርብ ፊት፣ ቅጠል፣ ጭስ ወይም ጨለማ። ይሄ ፊልም ሦስቱም ሞልተውታል።

ለፊት የመረጥኩት አንዱ ወታደር በደረቁ ጢሙን የሚላጭበትን ቦታ ነው። ላብ በላብ ሆኗል። ምላጩ ጉንጩ ላይ ይጓዛል። በ4ኬው ላይ የላቡ ጠብታ ከሥሩ ካለው ቆዳ ተለይቶ ይታያል። የጢሙ ሥር አንድ በአንድ ይቆጠራል ባልልም፣ ምላጩ ያለፈበትና ያላለፈበት ይለያል። የ2010ሩን ስከፍት ላቡ አለ፤ ያብረቀርቃል። ከሥሩ ያለው ግን ቆዳ አይደለም። ምላጩ የሚላጨው ነገር ያጣ ይመስላል።

«ሰም ነው» አለች ባለቤቱ። «ሰም የተቀባ አሻንጉሊት።»

ጋሼ ሳቁ። «ሰሙስ አለ፤ ወርቁ የት ሄደ?» አሉ።

ከዚያ ጋሼ ራሳቸው የነገሩን ነገር ከኔ ማብራሪያ ሁሉ በለጠ። ቪዲዮ ቤት ሳሉ ማስተር ካሴት የሚያገኙት አልፎ አልፎ ነበር። አብዛኛው የቅጂ ቅጂ ነው። «ሦስተኛው ቅጂ ላይ የሰው ፊት እንቁላል ይሆናል» አሉ። «ዓይን አለ፣ አፍ አለ፣ መሃሉ ባዶ ነው። ደንበኛ ሲመልስ የፊቱን ጉዳይ አያነሳም፤ ካሴቱ ተንጫጫ ብሎ ነው የሚጨቀጭቀኝ። ይሄ የ2010 ያላችሁት ያው ሦስተኛ ቅጂ ነው፤ መንጫጫቱን ብቻ ነው ያጠፉለት።»

ቅጠል ላይ ልዩነቱ ይብሳል። ወታደሮቹ ተሰልፈው ጫካውን በጥይት የሚያጭዱበት ቦታ አለ። በተጠረገው ዲስክ ላይ ከኋላ ያለው ቅጠል አንድ ላይ ሄዶ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ቅርጽ አለው፤ ቅጠል ግን የለም። በ4ኬው ላይ ቅጠሉ ከነጥላው ይነበባል።

ሦስተኛው የጨለማና የጭስ ቦታ ነው። እዚህ የ2008ቱ ጉዱ ፈላ። መጀመሪያ አካባቢ በሌሊት ሄሊኮፕተር ውስጥ በቀይ ብርሃን የሚታዩበት ቦታ አለ። በአሮጌው ዲስክ ጥላው ውስጥ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል። ልጁ ወዲያው «እሱም ግሬይን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ማታውን ሙሉ ከተናገርኩት የሚጠቅመው ለዚህ የሰጠሁት መልስ ይመስለኛል። ግሬይን ሁሉም ቦታ አለ፤ ሲንቀሳቀስም ሲቆምም ይርመሰመሳል፤ ጠርዝ የለውም። የመጭመቅ ጥፋት ግን ካሬ ነው። ጭስ፣ ውሃ፣ ፍንዳታ ሲመጣ ብቅ ይላል፤ ነገሩ ሲረጋ ይጠፋል። ጨለማ ግድግዳ ላይ ደግሞ ቦታው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አንዱ የፊልሙ ነው፣ ሌላው የዲስኩ ነው። ሁለቱንም «ጥራት የለውም» ብሎ አንድ ላይ መጣል ነው ስህተቱ። በተቃራኒውም ይሠራል፦ የ2008ቱ ከ2010ሩ የበለጠ ዝርዝር አለው፣ ግን ንጹሕ ዲስክ አይደለም። ቅንጣት ስላየን ብቻ ጥሩ ነው ማለት አንችልም።

ሶፋውን ገፋነው

እስከዚህ ድረስ አንድ የሚያሳፍረኝ ውጤት ነበር። በቀን ብርሃን በተቀረጸ አንድ ቦታ ላይ ባለቤቱና ጋሼ የ2008ቱን ከ4ኬው መለየት አቃታቸው። እንዲያውም የ2008ቱን «አዲሱ ይሄ ነው» አሉ።

ሶፋው ከቴሌቪዥኑ 4 ሜትር ያህል ይርቃል። ስልኬን አውጥቼ ደመርኩ። ባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥን ወርዱ 144 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ለ1920 ሲካፈል የአንድ ፒክስል ስፋት ሦስት አራተኛ ሚሊሜትር ይሆናል። ጤናማ ዓይን ያን የሚያክል ነገር ነጣጥሎ የሚያየው እስከ 2 ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። 4 ሜትር ላይ ተቀምጦ እንኳን 4ኬን፣ ተራውን ብሉሬይ በሙሉ ማየት አይቻልም። ከዚያ ርቀት በ4ኬውና በተራው መካከል የሚታየው በአብዛኛው የቀለምና የብርሃን ልዩነት ነው።

ሶፋውን እኔና ልጁ 2 ሜትር ላይ አመጣነው። ምንጣፉ ተጨማደደ፣ ፈንዲሻው ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ሦስቱን ዲስኮች ያምታታ ሰው የለም። ወዳጄ ዝም ብሎ ቆየና «እንዲህ ቅርብ ሆኜ አይቼው አላውቅም» አለ። ቴሌቪዥን ቅርብ ሆኖ ማየት ዓይን ያጠፋል የሚለው የእናቶቻችን ቁጣ ስንት ፒክስል እንዳስበላን አላህና ፈጣሪ ይወቀው።

ያልሠራው

ወዳጄ ፍሬም እያስቆመ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ሊለጥፍ ነበር የጀመረው። ይሄ አይጠቅምም። ቅንጣት የሚለዋወጠው በየፍሬሙ ነው፤ ዓይን ተከታታዮቹን እየደማመረ ነው አንድ ምስል የሚያደርጋቸው። ሲቆም ድምሩ ይቆማል፤ አሸዋው ብቻ ይቀራል። በዚያ ላይ የተጨመቀ ቪዲዮ ውስጥ ሁሉም ፍሬም እኩል አይደለም። አንዱ ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሌላው ከጎረቤቱ የተለየበት ብቻ ነው የሚጻፈው። ሪሞቱ የትኛው ላይ እንዳረፈ በዓይን አይታወቅም። ማስቆም አንድን ጥፋት ለማሳየት ይጠቅማል፤ ለመፍረድ አይጠቅምም።

ስልክም አልሠራም። ወዳጄ ሐሙስ ዕለት ስክሪኑን በስልኩ አንስቶ በቴሌግራም ልኮልኝ ነበር። ፎቶው ላይ የ2010ሩ በጣም ያምራል። ስልክ ራሱ ጠራጊ ነው። ቅንጣት ሲያይ ያለሰልሳል፤ ጠርዝ ሲያይ ያሰምራል። ቴሌግራሙ ደግሞ እንደገና ይጨምቀዋል። እኔ ያየሁት ፎቶ የ4ኬውን ዲስክ ምንም አይመስልም ነበር።

የኔ ጥፋት ንግግር ነው። ስለ 2010ሩ ዲስክ ያለኝን ንቀት ከሁለተኛው ምርጫ በፊት ተናገርኩት። ስሜን ጠርቶ የከሰሰኝ ልጁ ነው። «አንተ ከነገርከን በኋላ ሁሉም ያንተን ነው የሚመርጠው» አለኝ። ልክ ነበር። ምን ማየት እንዳለበት የተነገረው ሰው ያንኑ ያያል። የማሳያ ቦታዎቹን ዝም ብዬ አጫውቼ «ምን አያችሁ?» ማለት ነበረብኝ። የባለቤቱ «ሰም ነው» እና የጋሼ «ይንሸራተታሉ» ማንም ሳይነግራቸው የወጡ ናቸው፤ ለዚህ ነው የማምናቸው።

ሁለተኛው ምርጫ ሦስት ለአንድ ሆነ። ወዳጄ፣ ባለቤቱና ጋሼ ወደ 4ኬው ዞሩ። ልጁ አልዞረም። ፊቱ ላይ ዝርዝር እንደጠፋ አይቷል፤ አልካደም። «ግን ያኛው ጌም ይመስላል፤ ደስ ይለኛል» አለ። እዚህ ላይ የምለው የለኝም። የትኛው ወደ ፊልሙ ይቀርባል ከተባለ መልስ አለ። የትኛው ደስ ይላል ከተባለ ግን የልጁ ነው።

ሌላ ቦታ የሚያገለግለው

ከዚያ ማታ ወዲህ ሰው «ዲስኩ መጥፎ ነው» ብሎ ሲደውልልኝ ስለ ዲስኩ አልጠይቅም። ሞዱ ምን ላይ ነው፣ ሻርፕነሱ ስንት ነው፣ ስንት ሜትር ላይ ነው የተቀመጥከው፣ ኤችዲአር የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል ወይ ብዬ ነው የምጀምረው። ብዙው ጥሪ እዚያው ያልቃል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ፊልሙ በምን ተቀረጸ የሚል ነው። ጋሼ ያን ማታ ስለ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» አነሱ። ያ ፊልም በ1970ዎቹ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። የ16 ሚሊሜትር ፍሬም ጠቅላላ ስፋቱ፣ ወርድ በቁመት ተባዝቶ፣ የ35ቱን ሩብ እንኳ አይሞላም። ያው ስክሪን ላይ ሲዘረጋ ቅንጣቱ በዚያው ልክ ይገዝፋል። በ4ኬ ዲጂታል ካሜራ ከተሠራ ፊልም ጎን አስቀምጦ «ይሄ ጥራት የለውም» ማለት ገበሬውን ለምን ሱፍ አልለበስክም እንደማለት ነው። አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ፊልም «አጽድቼ» ብሎ ቢጠርገው የገበሬዎቹ ፊት ላይ ያለው መስመር ቀድሞ ነው የሚሄደው።

ስትሪሚንግን ልጁ አንስቶታል። እዚያም 4ኬ ይባላል፤ የፒክስሉ ቁጥርም እውነት ነው። ግን በስትሪሚንግ 4ኬ በሰከንድ 15 ወይም 25 ሜጋቢት አካባቢ ሲመጣ፣ የ4ኬ ዲስክ ከ100 ሜጋቢት በላይ መሄድ ይችላል። ቅንጣት ደግሞ ለመጭመቅ ከሁሉም የከበደ ነገር ነው፤ ተራ የለውም፣ አይደጋገምም። ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው። ስለዚህ ስትሪሚንግ ላይ ለስላሳ ያየነው ፊልም ዲስኩ ላይ ቅንጣት ኖሮት ሲመጣ ማን ተበላሸ ከማለት በፊት ማን ጎደለ ማለት ይሻላል።

ምርመራውን አሳጥሬ የማደርገው ካለ ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ ቅርብ ፊት፣ አንድ ጫካ ወይም ሣር፣ አንድ ጭስ ወይም ጨለማ እመርጣለሁ። ሳላስቆም፣ ድምፅ አጥፍቼ፣ ከቴሌቪዥኑ ቁመት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ርቄ አያለሁ። ፊቱ ላይ ቆዳ አለ? ቅጠሉ ቅጠል ነው? ጭሱ ውስጥ ካሬ አለ? ከጨለማ ነገር አጠገብ ነጭ ክር ተሰምሯል? ከአራቱ ሁለቱ ካልተሳኩ ሌላ ኅትመት እፈልጋለሁ።

ወዳጄ ዲስኩን አልመለሰም። ሰኞ ዕለት የሶፋውን ፎቶ ላከልኝ፤ 2 ሜትር ላይ ተቀምጧል፣ ባለቤቱ ግን በመሃል ሰው ማለፍ አቅቶታል ብላ ወደ 3 ገፍታዋለች። የ2008ቱን ለጋሼ ተውኩላቸው። ማጫወቻ የላቸውም፤ መደርደሪያ ላይ ትሁን አሉ። የ2010ሩን ልጁ ወደ ክፍሉ ወስዶታል።